ቆርቆሮ የለበሰው ቤት፦ የአንድ እድሳት ሙሉ ታሪክ

ቤት ሊያድሱ የሚያስቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ስልካቸውን ከፍተው ፎቶ ይሰበስባሉ። የሳሎን ፎቶ፣ የኩሽና ፎቶ፣ ጂፕሰም ኮርኒሱ በመብራት ያሸበረቀ ፎቶ፣ ፊቱ በሙሉ መስታወትና አልሙኒየም የሆነ ቤት ፎቶ። ከዚያ ባለሙያ ይጠሩና "ይሄንን ነው የምፈልገው" ይላሉ። እኔ ግን ነገሩ ከኋላ ወደ ፊት የሄደ ይመስለኛል። ስታይል የሚመረጠው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት ቤቱ ምን እንዳለው፣ ከእሱ ምን እንደሚቀር፣ እዚያ ውስጥ ማን እንደሚኖርና እንዴት እንደሚኖር ነው።

ይሄንን ለማሳየት አንድ እድሳት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ላውራችሁ። ቤቱ ያለው ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ሞኒካ ነው። ባለቤቱ ፍራንክ ጌሪ የሚባል አርክቴክት ነበር። ብዙ ሰው ጌሪን የሚያውቀው በ1997 በተከፈተው የስፔኑ ቢልባዎ ጉገንሃይም ሙዚየም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ይሄ ታሪክ ግን ከዚያ 20 ዓመት ይቀድማል። ያኔ ጌሪ ሎስ አንጀለስ አካባቢ የራሱ ቢሮ ያለው፣ የገበያ ማዕከልና የቢሮ ሕንፃ እየሠራ የሚተዳደር፣ 50 ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው ነበር። ሥራው በሙያው ሰዎች ዘንድ ይታወቃል፤ በሕዝብ ዘንድ ግን ዝነኛ የሚባል አልነበረም።

በ1977 ጌሪና ባለቤቱ በርታ ቤት ገዙ። ቤቱን ያገኘችው በርታ ናት። በ1920 አካባቢ የተሠራ፣ ሁለት ፎቅ ያለው፣ ጣራው ሁለት ጊዜ እየታጠፈ የሚወርድ፣ ሮዝ መልክ ያለው ትንሽ የእንጨት ቤት ነው። አሜሪካኖቹ ይሄን አሠራር ደች ኮሎኒያል ይሉታል። ቦታው ማዕዘን ላይ ስለሆነ ቤቱ ከሁለት መንገድ ይታያል። ሰፈሩ ያኔ ጸጥ ያለ የመካከለኛ ገቢ ሰፈር ነበር። ቤቱ ቆንጆ ነው፣ ግን ተራ ነው፤ እዚያ አካባቢ እሱን የመሰለ ሞልቷል። በርታና ጌሪ ያኔ አንድ ሕፃን ልጅ ነበራቸው፤ ሁለተኛው ወንድ ልጃቸው በ1979 ተወለደ። ገንዘብ ደግሞ እንደልብ አልነበረም። እንግዲህ ችግሩ ይሄ ነው፦ ቤተሰብ እየጨመረ ነው፣ ቤቱ ትንሽ ነው፣ ኪስም አይፈቅድም። ማናችንም የምናውቀው ችግር ነው።

ምን አማራጭ ነበረው? አንዱ አፍርሶ አዲስ መሥራት ነው፤ ይሄ በገንዘቡ አይሆንም። ሌላው ቤቱን ወደ ድሮ ውበቱ መመለስ ነው፤ ግድግዳውን ሮዝ ቀብቶ፣ መስኮቱን አድሶ፣ ከኋላ አንድ ክፍል በዚያው ስታይል መቀጠል። ብዙ ሰው የሚመርጠው ይሄንን ነው፣ መጥፎም አይደለም። ጌሪ ግን ሦስተኛ መንገድ ወሰደ። የድሮውን ቤት እንዳለ ተወውና በሦስት ጎኑ አዲስ ቤት አለበሰው። አሮጌው ቤት ከውስጥ ቆሞ ቀረ። ከመንገድ ስታዩት ከታች አዲሱ የቆርቆሮ ግድግዳ ይታያል፣ ከበላዩ ደግሞ የሮዙ ቤት ጣራና ፎቅ ብቅ ይላል። ሁለቱም ቤቶች በአንድ ጊዜ ይታያሉ። አንዱ ሌላውን አይደብቅም፣ አዲሱም አሮጌ ለመምሰል አይሞክርም።

እድሳቱ በ1978 አለቀ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልበል። "ምን ይቀራል?" የሚለው ጥያቄ እኛ ዘንድ የሚገባውን ያህል አይጠየቅም። አዲስ አበባ ውስጥ ከ60 ዓመት በላይ የሆነው፣ ወለሉ ቴራዞ፣ በሩ ወፍራም ጣውላ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ግንቡ ጥቁር ድንጋይ የሆነ ቪላ ለእድሳት ሲገባ መጀመሪያ የሚሄደው ቴራዞው ነው። ሴራሚክ ይነጠፍበታል። ቀጥሎ በሩ ይወጣና ፒቪሲ ይገባል። ቴራዞ እኮ በማሽን ቢፈተግና በሰም ቢወለወል እንደ አዲስ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም አንስቶ አዲስ ከማንጠፍ በጣም ይረክሳል። በሩም ቀለሙ ተልጦ ቫርኒሽ ቢቀባ ዛሬ ብትፈልጉት በቀላሉ የማታገኙት እንጨት ነው። ሁሉም ነገር ይቅር እያልኩ አይደለም። ምንም ነገር ሳይነካ በፊት ክፍል በክፍል እየዞራችሁ የሚቀረውን ጻፉ ነው የምለው። ጌሪ ያደረገው ይሄንን ነው፤ እሱ እንዲያውም ዝርዝሩ ላይ ቤቱን በሙሉ አስገባው።

አሁን ወደ ቆርቆሮው።

የአዲሱ ቤት ልብስ ቆርቆሮ ነው። እኛ ለጣራና ለአጥር የምንጠቀምበት ዓይነት፣ ሸንተረር ያለው፣ ቀለም ያልተቀባ ቆርቆሮ። ከሱ ጋር ኮምፔንሳቶ፣ ውስጡ ሽቦ ያለበት መስታወትና ለኳስ ሜዳ አጥር የሚሆነው የሽቦ መረብ አለ። የሽቦ መረቡ ከቤቱ በላይ በአየር ላይ ተዘርግቷል፤ ምንም አያጥርም፣ ቅርጽ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ይሄ ዕቃ ሁሉ የመጋዘን፣ የፋብሪካና የግንባታ ቦታ ዕቃ ነበር። ለመኖሪያ ቤት፣ ያውም በመንገድ በኩል ላለው ፊቱ፣ ማንም አያስበውም።

ለምን መረጠው? አንደኛ ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ይሄ መደበቅ የለበትም። ሁለተኛ ደግሞ ዕቃውን ያውቀዋል። ጌሪ የተወለደው በ1929 ካናዳ ቶሮንቶ ነው። አያቱ የሕንፃና የቤት መሣሪያ የሚሸጡበት ሱቅ ነበራቸው፣ እሱም ልጅ ሆኖ ብዙ ሰዓት እዚያ ያሳልፍ ነበር። ሚስማር፣ ሽቦ፣ ብረት፣ ጣውላ እያየ ነው ያደገው። ሦስተኛውና ለእኔ ትልቁ ምክንያት ግን ቀደም ብሎ ሞክሮት ነበር። በ1968 ሳን ሁዋን ካፒስትራኖ ላይ ለፈረስ ድርቆሽ ማስቀመጫ ከቆርቆሮ ሠርቷል። በ1972 ደግሞ ማሊቡ ውስጥ ሮን ዴቪስ ለሚባል ሠዓሊ ስቱዲዮና መኖሪያ ሲሠራ ግድግዳውን በቆርቆሮ አለበሰው። ስለዚህ የራሱ ቤት ላይ ሲደርስ ቆርቆሮው እንዴት እንደሚቆረጥ፣ እንዴት እንደሚገጠም፣ ብርሃን ሲያርፍበት ምን እንደሚመስል አውቆ ነው የገባው።

ከውጭ የሚያዩት ሰዎች ጌሪ በድንገት አብዶ ቤቱን በቆርቆሮ የጠቀለለው ይመስላቸዋል። አይደለም። መጀመሪያ የድርቆሽ ቤት ነበር። አዲስ ዓይነት ልስን፣ አዲስ ቀለም፣ ከዚህ በፊት ያልተጠቀማችሁበትን ድንጋይ ቤታችሁ ላይ ከማድረጋችሁ በፊት ሰርቪስ ቤቱ ወይም የግቢው ግንብ ላይ ሞክሩት። አንድ ክረምት ይለፍበት። በካታሎግ ላይ ሁሉም ቀለም ያምራል፤ ሐምሌን ያለፈው ነው የሚታመነው።

ወደ ውስጥ እንግባ። የድሮው ቤት ውስጥ ጌሪ ያደረገው ከመጨመር ይልቅ መቀነስ ነው። የግድግዳውን ልስን በብዙ ቦታ አነሳው። ከልስኑ ስር ቋሚና አግዳሚ እንጨቱ፣ የቤቱ አፅም ታየ። ፎቅ ላይ ኮርኒሱን አነሳና የጣራው እንጨት እንዲታይ አደረገ፤ ክፍሉም ወደ ላይ ከፍ አለ። ጌሪ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ነገር ነበር፦ ሕንፃ በግንባታ ላይ እያለ፣ እንጨቱ ሲቆም፣ ካለቀ በኋላ ከሚሆነው የበለጠ ያምራል። ያንን ስሜት ቤቱ ውስጥ ማስቀረት ፈለገ። ስለዚህ ቤቱ ሲያልቅም ያላለቀ ይመስል ነበር። ሰዎች እየመጡ ሥራው መቼ እንደሚያልቅ ይጠይቁ ነበር ቢባል አይገርምም።

ይሄንን አይቶ እኔም ልስን ላንሳ የሚል ሰው ካለ ሁለት ነገር ልንገረው። የጌሪ ቤት የእንጨት አፅም ያለው ቤት ነው። ጣራውን የሚሸከመው እንጨቱ ነው፣ ልስኑ ሽፋን ነው። ስለዚህ ልስኑ ቢነሳ ቤቱ ቆሞ ይኖራል፣ ከስር የሚታየውም ደስ የሚል ነገር ነው። የብሎኬት ግድግዳ ልስኑን ብታነሱ የምታገኙት ብሎኬት ነው፤ ሲሚንቶው ያለ ሥርዓት የፈሰሰበት፣ የኤሌክትሪክ ቱቦ የተሰነቀረበት። የጭቃ ቤት ልስን ደግሞ ከውጭ በኩል ዝናቡን የሚመክተው ራሱ ነው፤ እሱን ማንሳት ማገሩን ለእርጥበትና ለምስጥ መስጠት ነው። በደንብ የተጠረበ ጥቁር ድንጋይ ግንብ ካላችሁ ግን ያ ሌላ ነገር ነው። ከውስጥ በኩል አንዱን ግድግዳ ገልጣችሁ መገጣጠሚያውን በንጹሕ ሲሚንቶ ብታሰሩት ምንም ዓይነት የግድግዳ ወረቀት አይተካከለውም።

ሌላው የጤና ነገር ነው፤ አሜሪካ ላላችሁ በተለይ። አሜሪካ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው በ1978 ነው፣ በአጋጣሚ ይሄ እድሳት ባለቀበት ዓመት። ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ገዝታችሁ ግድግዳ ልትፍቁ ካሰባችሁ መጀመሪያ ቀለሙን አስመርምሩ። በደረቁ አትፈግፍጉት፣ አቧራው ነው ጎጂው። ትንንሽ ልጆች ካሉ ሥራው እስኪያልቅና በደንብ እስኪጸዳ ሌላ ቦታ ይቆዩ። የአሮጌ ቤት ግድግዳ ልባስና ወለል አስቤስቶስም፣ ማለትም ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ የማዕድን ጭረት፣ ሊኖረው ይችላል፤ እሱንም ሳታስመረምሩ አትንኩት።

የዚህ እድሳት ልብ ያለው ኩሽናው ላይ ነው፣ እኔም ብዙ ልቆይበት የምፈልገው እሱ ጋ ነው።

አዲሱ ኩሽናና የምግብ ክፍል የተሠሩት በአሮጌው ቤት ጎን፣ በድሮው ግድግዳና በአዲሱ የቆርቆሮ ግድግዳ መካከል ባለው ቦታ ላይ ነው። ኩሽናው ውስጥ ስትቆሙ በአንድ በኩል ያለው ግድግዳ የሮዙ ቤት የውጭ ግድግዳ ነው፣ መስኮቱም ሳይቀር። ወለሉ ደግሞ አስፋልት ነው። አዎ፣ የመንገድ አስፋልት። አንድ ሰው እዚያ ቆሞ ቡና ሲያፈላ ቤት ውስጥ ነው ያለው፤ እግሩ ስር ያለው ግን የመንገድ ነገር ነው፣ ከፊቱ ያለውም የቤት ውጭ ነው። ግቢ ውስጥ ያላችሁ ይመስላችኋል፣ ግን ጣራ አላችሁ።

አሁን የሁላችንም ችግር የሆነውን ነገር ተመልከቱ። በቤት ጎን ክፍል ሲቀጠል የሚጎዳው የድሮው ክፍል ነው። መስኮቱ ይዘጋል። በከተማችን ስንት ሳሎን አለ፣ ቀን በቀን መብራት የሚበራበት፣ ምክንያቱም ከጎኑ አንድ ክፍል ተቀጥሎ መስኮቱ ግድግዳ ሆኗል ወይም ወደ ጨለማ ኮሪደር ነው የሚያየው። ጌሪም እዚያው ችግር ውስጥ ሊገባ ይችል ነበር። በሁለት ግድግዳ መካከል የተሠራ ኩሽና ጨለማ ነው፤ ከኋላው ያለው አሮጌ ክፍል ደግሞ የባሰ።

መፍትሔው የቤቱ ዋና መለያ ሆኖ ቀረ። ከኩሽናው በላይ ትልቅ የመስታወት ሳጥን አለ፣ በእንጨት የተያዘ፣ ወደ ጎን ያዘነበለ። ከውጭ ስታዩት ከአሮጌው ቤት ውስጥ ተስፈንጥሮ ለመውጣት ሲል በቆርቆሮው መካከል ተይዞ የቀረ ይመስላል። የሥነ ጥበብ ሰዎች ስለዚህ ሳጥን ብዙ ጽፈዋል። ጌሪ ራሱም ቤቱ ውስጥ መንፈስ አለ ተብሎ ተነግሮት እንደነበረና እነሱ የኩቢዝም (ነገሮችን በማዕዘናማ ቅርጾች ሰባብሮ የሚያሳየው የሥዕል ስልት) መናፍስት መሆን አለባቸው ብሎ እንደወሰነ ይናገር ነበር። እኔን የሚማርከኝ ግን ሥራው ነው። ብርሃን ከላይ ወደ ኩሽናው ይገባል፣ ከኩሽናው ደግሞ በአሮጌው መስኮት አልፎ ወደ ውስጠኛው ክፍል ይደርሳል። መስኮቱ አልተዘጋም፤ ከውጭ ይልቅ ወደ ኩሽናው ያያል። ዛፍና ሰማይ ከምድጃው በላይ ይታያሉ። የምግብ ክፍሉም ማዕዘኑ ላይ የራሱ የመስታወት መስኮት አለው።

ስለዚህ በቤታችሁ ጎን ክፍል ልትቀጥሉ ስታስቡ ለባለሙያው መጀመሪያ የምታቀርቡት ጥያቄ ስለ ሴራሚኩ ቀለም መሆን የለበትም። ጥያቄው "ከዚህ በኋላ የድሮው ክፍል ብርሃኑን ከየት ያገኛል?" ነው። መልሱ ያዘነበለ የመስታወት ሳጥን መሆን የለበትም። በጣራው ላይ አንድ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቆርቆሮ መግጠም፣ በአዲሱና በአሮጌው ክፍል መካከል አንድ ሜትር ተኩል ክፍት ቦታ መተው፣ ወይም የመካከለኛውን ግድግዳ ላይኛውን ክፍል መስታወት ማድረግ ይቻላል። ርካሽ ናቸው፣ ግን በኋላ የሚታሰቡ ነገሮች አይደሉም። ወረቀት ላይ እያለ ነው የሚወሰነው።

የአስፋልት ወለሉን ግን አልመክርም። እውነት ነው በውሃ ይታጠባል፣ ይጠነክራል፣ ከሐሳቡም ጋር ይሄዳል። ግን ጥቁር ነው፣ ፊቱ ሻካራ ነው፣ ዘይት ከፈሰሰበትም አይወድም፤ አስፋልት ራሱ ከነዳጅ ዘር ስለሆነ ዘይት ያላላዋል። ተመሳሳይ ስሜት የሚሰጥና ለኩሽና የሚሻል ነገር ከፈለጋችሁ በደንብ የተፈተገ የሲሚንቶ ሊሾ አለ፤ የእናቶቻችን ቤት ወለል ነው፣ ሰምና ብሩሽ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ጎረቤቶችስ?

ተቆጡ። በጣም ተቆጡ። ቤቱ ለሰፈሩ ስድብ ሆኖ ታያቸው። የቤታችንን ዋጋ ያወርድብናል ያሉ ነበሩ፣ ለከተማው አስተዳደር አቤት ያሉ ነበሩ፣ በሕግ እንጠይቃለን ያሉም ነበሩ። ጌሪ ለነሱ የሚሰጠው መልስ ቀላል ነበር፤ ዙሪያችሁን እዩ የሚል። እያንዳንዱ ጓሮ በሽቦ መረብ ታጥሯል፣ በየበሩ የብረት ተጎታች ቤትና ጀልባ ቆሟል። እናንተ ከኋላ የምታስቀምጡትን እኔ ከፊት አደረግሁት፣ ነው ነገሩ።

በዚህ ክርክር ላይ እኔ ሁለት ልብ አለኝ። የጌሪ መልስ እውነት ነው። ቆርቆሮ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ላደግን ሰዎች ይሄ በተለይ ይገባናል። ቆርቆሮ ጣራ ላይ ዝናቡ ሲወርድ እየሰማን ነው ያደግነው፣ አጥሩም በሩም እሱ ነው። እኛም ግን የመጀመሪያውን ገንዘብ ያገኘን ዕለት መጀመሪያ የምንደብቀው ቆርቆሮውን ነው፣ የድህነት ምልክት አድርገን ስለምናየው። አንድ አርክቴክት መርጦት፣ በጥንቃቄ ቆርጦ፣ መስመሩን አስተካክሎ ሲገጥመው ሲታይ ውበቱ ከዕቃው ዋጋ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ውበቱ ያለው አገጣጠሙ ላይ፣ ማዕዘኑ ላይ፣ ከጎኑ ካለው ነገር ጋር ባለው ግንኙነት ላይ ነው። በውድ ግራናይት የተለበጠ፣ ግን ማዕዘኑ የማይገናኝ ስንት ቤት አይተናል።

ግን ጎረቤቶቹም ሰው ናቸው። የቤት ውጫዊ ገጽታ የባለቤቱ ብቻ አይደለም። ቤታችሁን ከውስጥ የምታዩት እናንተ ናችሁ፤ ከውጭ በየቀኑ የሚያየው ፊት ለፊት የሚኖረው ሰው ነው። የጌሪ ቤት ደግሞ ማዕዘን ላይ ነው፣ ከሁለት መንገድ። እኔ ብሆን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሥዕሉን ይዤ በየበሩ አንኳኳ ነበር። ሐሳቤን ለማስለወጥ አይደለም። አንድ ጠዋት ተነስቶ ከመስኮቱ ፊት የቆርቆሮ ግድግዳ ያገኘ ሰውና ቡና ላይ ተቀምጦ ምን እንደሚመጣ የተነገረው ሰው አንድ አይነት አይቆጡም። በእኛ ሰፈር ደግሞ አሸዋና ጠጠር መንገድ ላይ ሲራገፍ፣ ውሃ ሲዘጋ፣ ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሲመታ ነገሩ የሚበርደው ቀድሞ በተነገረ አንድ ቃል ነው። ወሰን ላይ የሚሠራ ነገር ካለማ ሳይነጋገሩ መጀመር ፍርድ ቤት መሄድ ነው።

ቤቱ ጌሪን አንድ ትልቅ ደንበኛ አሳጥቶታል። በዚያ ሰሞን ራውስ ለሚባል ትልቅ የሪል ስቴት ኩባንያ ሳንታ ሞኒካ ፕሌስ የሚባለውን የገበያ ማዕከል ሠርቶ ነበር፤ የተከፈተው በ1980 ነው። ጌሪ ራሱ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ የመክፈቻው ምሽት ላይ የኩባንያው ኃላፊ እራት ሊበላ ወደዚህ ቤት ይመጣል። ቤቱን አየና ይሄንን ከወደድክ ያንን የገበያ ማዕከል ልትወደው አትችልም አለው። ጌሪም አልወደውም አለ። ታዲያ ለምን ሠራኸው ሲለው፣ ለመኖር ብዬ ነው አለው። ሰውየው፣ ተው እንግዲህ፣ አለ። እዚያው ተጨባብጠው አብሮ መሥራቱን አቆሙ። ጌሪ ሠራተኞቹን ቀነሰና ቢሮውን በራሱ መንገድ እንደገና ጀመረ። በ1988 የኒውዮርኩ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስለ ዲኮንስትራክቲቪዝም፣ ማለትም የተሰባበረና ያዘነበለ ስለሚመስለው የሕንፃ ስልት፣ ባዘጋጀው ኤግዚቢሽን ላይ ይሄ ቤት ቀረበ። በ1989 ጌሪ የፕሪትዝከር ሽልማትን አገኘ፤ በሥነ ሕንፃ ከዚያ የሚበልጥ ሽልማት የለም። የአንድ ትንሽ ቤት እድሳት የሰውየውን ሕይወት አዞረው ማለት ማጋነን አይሆንም።

ብዙዎች ታሪኩን እዚህ ጋ ያቆሙታል። ለእኔ ግን ትልቁ ትምህርት ከዚህ በኋላ ነው ያለው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጌሪ ቤቱን እንደገና አደሰው። ሁለቱ ልጆች ጎረምሶች እየሆኑ ነው። የራሳቸው ቦታ፣ የራሳቸው በር ይፈልጋሉ። ጋራዡ ወደ ክፍል ተለወጠ፣ ከኋላ የመዋኛ ገንዳ ተሠራ፣ ተገልጦ የነበረው ብዙው እንጨት ተሸፈነ፣ ሻካራው ነገር ለሰለሰ። ሃያሲዎች ቅር አላቸው። ያ ያላለቀ የሚመስለው፣ ደፋሩ ቤት ጠፋ አሉ። ቤቱ በሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩበት፣ በመጻሕፍት የታተመ ሥራ ሆኖ ነበርና ባለቤቱ ራሱ እንዲነካው የማይፈልጉ ሰዎች ነበሩ።

እኔ ከጌሪ ጋር ነኝ፣ ያለ ምንም ማመንታት። ቤት ሙዚየም አይደለም። በ1978 ለሕፃን ልጅ ቤተሰብ ትክክል የነበረው ነገር ለሁለት ጎረምሳ ቤተሰብ ትክክል አይሆንም። የመጀመሪያው እድሳት ጥሩ የሆነው በወቅቱ ለነበረው ሕይወትና ገንዘብ ስለተሠራ ነው። ሁለተኛውም በዚያው ምክንያት ነው የተሠራው። ስታይሉ ቢለሰልስ ምን ችግር አለው? ልጆቹ እዚያ ቤት ውስጥ ነው የሚያድጉት። በ2012 የአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበር ለረጅም ዘመን ዋጋቸውን ጠብቀው ለቆዩ ሥራዎች የሚሰጠውን የ25 ዓመት ሽልማት ለዚህ ቤት ሰጥቷል። ቤቱ ሁለት ጊዜ ታድሶም ማለት ነው። ጌሪ በስተርጅና እዚያው ሳንታ ሞኒካ ውስጥ ከልጁ ከሳም ጋር ሌላ ቤት ሠራ፤ በ2025 መጨረሻ ላይ በ96 ዓመቱ አረፈ።

ይሄንን አንብባችሁ ሥራ ልትጀምሩ ከሆነ፣ የእኔ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ቤቱን ዝም ብላችሁ እዩት። ጠዋት ፀሐይ የት እንደምትገባ፣ ቤተሰቡ በእውነት የሚቀመጠው የት እንደሆነ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጋፋ። ብዙ ቤት ውስጥ ውዱ ሶፋ ያለበት ሳሎን ለእንግዳ ተዘግቶ ቤተሰቡ ኩሽና በር ላይ ነው የሚውለው፤ እንዲህ ከሆነ ገንዘቡ የሚሄደው ወደ ኩሽናው ነው። ከዚያ የሚቀረውን ጻፉ። ከዚያ በአምስት ዓመት ውስጥ ማን እንደሚጨመር፣ ማን እንደሚወጣ አስቡ፤ የሚያገባ አለ፣ ከገጠር የሚመጡ እናት አሉ፣ ደረጃ መውጣት የሚከብዳቸው። ከዚያ ጣራ፣ ውሃ፣ መብራት፣ ፍሳሽ። የሚያፈስ ጣራ ስር ጂፕሰም ኮርኒስ መሥራት ገንዘብ ማቃጠል ነው። መዋቅር የሚነካ ነገር ካለ መሐንዲስ ይየው፣ ፈቃዱንም ከወረዳ ወይም ከከተማው አስቀድማችሁ አውጡ። ከጠቅላላው በጀት ላይ ደግሞ ላልታሰበ ነገር የሚሆን ያዝ አድርጉ፤ አሮጌ ቤት ሲገለጥ ሁሌም የሚወጣ ነገር አለው።

ቀለም፣ መጋረጃ፣ ሴራሚክ፣ የመብራት ዓይነት፣ ዘመናዊ ይሁን ባህላዊ የሚለው እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። በዚህ ሰዓት ግማሹ መልስ በራሱ ተመልሷል። የቀረው የድንጋይ ግንብ ቀለሙን ይመርጥላችኋል። የተፈተገው ቴራዞ ምን ዓይነት ምንጣፍ እንደሚስማማው ይነግራችኋል።

ቆርቆሮውን እንደ ጌሪ ልጠቀም ለሚል ደግሞ የሳንታ ሞኒካን አየር አስታውሱ። ባሕር ዳር ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ዝናቡም ጥቂት ነው። ቆርቆሮ ሙቀትና ብርድ በቀላሉ ያሳልፋል፣ ዝናብ ሲመታውም ይጮኻል። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ላይ ባዶውን ግድግዳ ካደረጋችሁት ከሰዓት በኋላ እዚያ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። ከኋላው ሌላ ግድግዳ ይኑር፣ በሁለቱ መካከል አየር የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ይተው፣ ክፍተቱም ከታችና ከላይ መተንፈሻ ይኑረው። ሚስማሩ ከነጎማው ይሁን፣ ዝገት የሚጀምረው ከሚስማሩ ቀዳዳ ነው። የታችኛው ጫፉ ደግሞ መሬት አይንካ፤ ከመሬት ከፍ ብሎ ይጀምር፣ አለበለዚያ የሚረጨው የዝናብ ጭቃ በጥቂት ክረምት ይበላዋል።